በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ የቀን ኑሮን እንዴት ያውካል?

በጎንደር ከተማ ማንኮራፋትን እንደ በሽታ የሚቆጥር ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አባወራው ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ «ድካም ነው፣ ደህና እንቅልፍ ወስዶታል» ተብሎ ይታለፋል፤ ያው ሰው በማግስቱ በዕድር ስብሰባ፣ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ወይም በባጃጁ መሪ ላይ ሲያንቀላፋ ደግሞ «እንቅልፋም» ወይም «ሰነፍ» ይባላል። ሁለቱ ፍርዶች በአንድ ቤተሰብ አፍ፣ ስለ አንድ ሰው፣ ለዓመታት ሲነገሩ ይኖራሉ፤ የሌሊቱና የቀኑ ነገር የአንድ ሕመም ሁለት ወገን ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። ሕመሙ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሁኔታ ነው። የሚከሰተው ሌሊት፣ ባለቤቱ ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሰውየው የሚያውቀው ቀን ላይ የሚደርስበትን ጉዳት ብቻ ነው፤ ለዚያም ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ከላንቃ ጀምሮ ከምላስ ሥር እስከ ማንቁርት የሚወርደው የአየር መተላለፊያ ዙሪያውን የሚደግፈው አጥንት የለውም። ክፍት ሆኖ የሚቆየው በአካባቢው ያሉ ጡንቻዎች ስለሚወጥሩት ነው። ስንተኛ እነዚህ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ መተላለፊያው በተፈጥሮ ሰፊ የሆነለት ሰው መላላቱ አይጎዳውም፣ ጠባብ የሆነበት ሰው ግን አየር ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር፣ ስስ ላስቲክ ቱቦ በአፍ ሲሳብ እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ የጉሮሮው ግድግዳ ይጣበቅበታል። መተላለፊያው በከፊል ሲጠብ አየሩ ለስላሳውን ሥጋ እያርገበገበ ያልፋልና ማንኮራፋት ይሰማል፤ ፈጽሞ ሲዘጋ ድምፁ ይጠፋል። ደረትና ሆድ ለመተንፈስ መታገላቸውን ቢቀጥሉም አየር አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን እየወረደ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ይነቃና ጡንቻዎቹን ወጥሮ ጉሮሮውን ይከፍተዋል። ሰውየው በኃይል አየር ስቦ፣ አንዳንዴም ተገላብጦ፣ ወዲያው ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ሲጠየቅ አንዱንም አያስታውስም።

አንድ የትንፋሽ መቋረጥ እንደ ሕመም የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲቆይ ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ከግማሽ ደቂቃ አልፎ አንድ ደቂቃ ይደርሳል። ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት የሚለኩት በአንድ የእንቅልፍ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም በጣም እንደቀነሰ ቆጥረው ነው። በአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ጊዜ የሚቋረጥበትና 7 ሰዓት የሚተኛ ሰው በአንድ ሌሊት ከ200 ጊዜ በላይ ይታፈናል፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው «ስትተኛ አድረህ ምን ያንቀላፋሃል?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ዳባትና ደባርቅ ላይ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ጤነኛ የደገኛ ሰው አካል ይህንን የለመደው ነው። ትንፋሹ ለግማሽ ደቂቃ የቆመበት ሰው ግን የሚነሣው ከአነስተኛ ስንቅ ስለሆነ የኦክስጅኑ መጠን ቶሎና ጠለቅ ብሎ ሊወርድበት ይችላል። በነገራችን ላይ ከፍ ባለ ቦታ የሚታይ ሌላ ዓይነት የትንፋሽ መቋረጥ አለ፤ እርሱ ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል የመተንፈስ ትእዛዙን ለአፍታ ሲያቋርጥ የሚመጣ ሲሆን፣ ሕክምናውም የተለየ ነው።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 ከሆነ ተቀጣሪ ሠራተኞች መካከል 24 በመቶ የሚሆኑት ወንዶችና 9 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ትንፋሻቸው በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ እንደሚቋረጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ግምት ደግሞ በዓለም ላይ ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው አስልቷል። ውፍረት፣ በተለይም በአንገትና በሆድ ላይ የሚከማች ስብ፣ ዋነኛው ምክንያት ነው፤ ይሁን እንጂ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። አገጩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ምላሱ ትልቅ የሆነ፣ ቶንሲሉ ያበጠ ወይም አፍንጫው ዘወትር የሚታፈን ሰው ቀጭን ሆኖም ሊታመም ይችላል። በደጋው አካባቢ አዲስ ያልሆነው እንቅርት እጅግ ሲያድግ የአየር መተላለፊያውን ሊጫን፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከምም ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ ዕድሉ ይጨምራል።

ወደ ቀኑ ኑሮ እንምጣ። በየሌሊቱ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚነቃ አንጎል ጥልቅ እንቅልፍና ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል በሚገባ አያገኝም። የሕልሙ ክፍል ወደ ንጋት የሚረዝም ሲሆን ጡንቻዎች እጅግ የሚላሉትም ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ረጃጅሞቹ የትንፋሽ መቋረጦች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ንጋት ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ ሰውየው ሲነሣ አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያመመው፣ ገና ሲተኛ ከነበረው በላይ ደክሞት ይነሣል። ከምሳ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከረፋዱም እንቅልፍ ይጎትተዋል። ቆሞና እየተንቀሳቀሰ ሲሠራ ደህና ይመስላል፤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ ስብከት፣ ሥልጠና፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ወይም ለቅሶ ቤት፣ ዓይኑ ይከደናል። ይህ ሁሉ በአደባባይ የሚሆን ስለሆነ ኀፍረቱ ከድካሙ ይብሳል፤ ከሰው ስብሰባ መራቅ የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ድካምንና እንቅልፍን መለየት ይጠቅማል። ጉልበት ማጣት የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው፤ የደም ማነስም ያደክማል። የዚህ ሕመም ዋና መለያ ግን ሳያስቡት እንቅልፍ መውሰዱ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም መሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያዘጋጀው የስምንት ሁኔታዎች መጠይቅ ይህንኑ ይለካል። መጠይቁ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ በመኪና ተሳፍሮ አንድ ሰዓት ሲጓዝ፣ ከቀትር በኋላ ጋደም ሲል፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲጫወት፣ መጠጥ ሳይቀምስ ምሳ በልቶ በጸጥታ ሲቀመጥ፣ እንዲሁም መኪና ውስጥ ሆኖ በመንገድ መጨናነቅ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም፣ የማንቀላፋት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ከ0 እስከ 3 ነጥብ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ድምሩ ከ24 ሲሆን ከ10 በላይ ያገኘ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከስምንቱ መካከል በተለይ «ከሰው ጋር እየተጫወትኩ አንቀላፋለሁ» የሚለው መልስ ሐኪምን ሊያስደነግጥ የሚገባ ነው፤ ጤነኛ ሰው ደክሞትም ቢሆን እያወራ አይተኛምና።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የመንገዱ ነገር ነው። ጎንደር ወደ መተማ ጠረፍ የሚወርዱ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚመላለሱ፣ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ጥምዝምዝ የሚወርዱ ተሽከርካሪዎች ሁሉ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሾፌር ለ4 ሰከንድ ብቻ ሸለብ ቢያደርገው መኪናው ያለ ነጂ ከ65 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ የዚህ ሩቡ ይበቃል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ይህ ሕመም ያለባቸው ያልታከሙ አሽከርካሪዎች አደጋ የማድረስ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ እንደሚደርስ ያመለክታሉ። ብዙ ሾፌሮች ለእንቅልፉ የሚሰጡት መልስ ቡናና ጫት ነው። ሁለቱም አንጎልን ለጥቂት ሰዓት ያነቃቃሉ እንጂ ሌሊት የሚዘጋውን ጉሮሮ አይከፍቱም፤ ይልቁንም የማታውን እንቅልፍ እያሳጠሩ ዕዳውን ወደ ነገ ያስተላልፋሉ፣ የጫቱ ኃይል ሲበርድ ደግሞ የተከማቸው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ከሾፌሩ ጋር ውሎ የሚያድረው ረዳቱ ነው። አብሮ መኪናው ውስጥ ወይም በየመንገዱ አልጋ ቤት ስለሚያድር ማንኮራፋቱንና መታፈኑን የሚሰማው እርሱ ነውና፣ ያየውን ለባለንብረቱም ለቤተሰብም መናገሩ ማሳበቅ ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። መሪ ላይ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ደግሞ መስኮት መክፈቱና ዘፈን ማስጮሁ አያድነውም። ማድረግ ያለበት ዳር ይዞ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ያህል መተኛት ነው፤ ይህም የዕለቱን መንገድ ለመጨረስ ያህል እንጂ ሕክምና አይደለም።

አእምሮም ዋጋውን ይከፍላል። ትኩረት ይበተናል፣ የሰሙትን መያዝ ይከብዳል፣ ትንሹ ነገር ያስቆጣል። ሒሳብ ሠራተኛው ያንኑ ዓምድ ሦስቴ ይደምራል፤ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት የሚኖረው ተማሪ ሌሊት ሲያጠና ያነበበውን ጠዋት ያጣዋል፣ የክፍል ጓደኞቹም በማንኮራፋቱ ይሳለቁበታል እንጂ ወደ ክሊኒክ ሂድ አይሉትም። ሕመሙ ከድባቴ ጋር አብሮ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ለድባቴ ብቻ መድኃኒት እየወሰደ ለውጥ ያላየ፣ ቀን ቀን የሚያንቀላፋና ሌሊት የሚያንኮራፋ ሰው ስለ እንቅልፉ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ አንዳንድ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶች የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ስለሚያላሉ፣ ጥያቄው መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ቢነሣ ይመረጣል።

የትዳሩ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሚስት በማንኮራፋቱ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች፤ ከማንኮራፋቱም ይበልጥ የሚያስጨንቃት ጸጥታው ነው፣ ትንፋሹ ሲቆም «ኧረ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» እያለች ስትነቀንቀው ታድራለች። እያደር መኝታ ይለያል፣ የመኝታው መለየትም በቤተ ዘመድ ዘንድ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። በወንዶች ላይ የፍትወት ፍላጎት መቀነስና የብልት መቆም ችግር ከሕመሙ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው፤ ይህም በዝምታና በጥርጣሬ ስለሚሸፈን ባልና ሚስቱ እርስ በርስ ይቃቃራሉ። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣትም አለ። ደረት በተዘጋ ጉሮሮ ላይ በኃይል ሲስብ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል፣ ልብም በፈሳሽ የተሞላች መስሏት ኩላሊት ሽንት እንዲያበዛ የሚያዝ ንጥረ ነገር ታመነጫለች። ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ እየተነሣ ከቤት የሚወጣ ሰው ስኳሩንና ፕሮስቴቱን ተመርምሮ ደህና ከተባለ፣ ምክንያቱ ከጉሮሮው ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

የሴቶች ነገር ራሱን የቻለ ትኩረት ይሻል። ሴቶች ላይ ሕመሙ ሁልጊዜ በኃይለኛ ማንኮራፋት አይገለጥም፤ እንቅልፍ እየቆራረጠ ማጣት፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ የማይለቅ ድካምና የመንፈስ ጭንቀት ሆኖ ይመጣል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራ የምትጋግር፣ ልጆች ሸኝታ ወደ ቅዳሜ ገበያ የምትወርድ እናት ደከመኝ ስትል ሁሉም ድካሟን በሥራዋ ያመካኛል፤ እርሷም ራሷ እንዲሁ። ሴት በማንኮራፋቷ ስለምታፍር አትናገርም፣ መበለት ወይም ብቻዋን የምትተኛ ከሆነች ደግሞ ትንፋሿ መቆሙን የሚሰማ ሰው እንኳ የላትም። በእርግዝና ጊዜ የሚጀምር ከባድ ማንኮራፋት ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር ዝምድና ስላለው፣ ነፍሰ ጡር ሴት በክትትሏ ወቅት ለአዋላጅዋ ልትነግራት ይገባል።

ሌሊት ታፍኖ በድንጋጤ የሚነሣ ሰው በአካባቢያችን «ዱካክ ያዘኝ» ሊል ይችላል፤ ወደ ጠበል መሄዱም እምነቱ ነው፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በዚህ ስም እየተጠሩ እንደሆነ ማወቅ ለሕመምተኛው ይበጀዋል። አንደኛው ሰው ነቅቶ፣ አካባቢውን እያየና እየሰማ፣ አካሉን ማንቀሳቀስ ሲያቅተውና ደረቱን የተጫኑት ያህል ሲሰማው የሚከሰት ሲሆን፣ አስፈሪ ቢሆንም በራሱ ጊዜ ያልፋል፣ በአብዛኛውም ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን ሰውየው አየር አጥሮት፣ እያነቀው፣ በኃይል ተንፍሶ ብድግ የሚልበትና ከማንኮራፋትና ከቀን እንቅልፍ ጋር የሚመጣው ነው። ይህኛው ጠበሉን ሳይተው ሐኪምም ሊያየው የሚገባ ነው።

እንዲሁም በእንቅልፍ እጦት ብቻ የሚያንቀላፉ ሰዎች አሉ። ማኅሌት የሚቆሙ ካህናትና ደባትር፣ የሌሊት ጥበቃዎች፣ ተረኛ ነርሶች ቀን ቢያንቀላፉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥቂት ሌሊት በሚገባ ተኝተው ንቁ ከሆኑ ችግሩ የሰዓት ማነስ ነበር፤ በሚገባ ተኝተውም እንቅልፉ ካልለቀቃቸው ግን ጥርጣሬው ወደ ትንፋሹ ይዞራል።

ጉዳቱ በእንቅልፍ ብቻ አይወሰንም። ትንፋሽ በቆመና አንጎል በነቃ ቁጥር አድሬናሊን ወደ ደም ይረጫል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊትም ይወጣል። በጤነኛ ሰው ሌሊት ዝቅ ማለት የነበረበት ግፊት በእነዚህ ሰዎች ላይ ሳይወርድ ያድራል፣ ቀን ላይም ከፍ እንዳለ ይቀራል። ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሥርዓቱ እየወሰዱ ግፊታቸው አልወርድ ያለ ሰዎች ላይ ሕመሙ በብዛት ይገኛል። የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክና የስኳር በሽታም ከእርሱ ጋር ይዛመዳሉ። እዚህ ላይ ሳይጋነን መነገር ያለበት ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት፣ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር በሽታ ቀድሞ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሌሊት አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው የመተንፈሻ መሣሪያ የልብ ድካምንና የስትሮክን ድግግሞሽ ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ ተጠቃሚዎቹ ማታ ማታ በአማካይ ከ4 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነበር ያጠለቁት። ያው ጥናት ግን የቀን እንቅልፋቸው፣ መንፈሳቸውና የኑሮ ሁኔታቸው እንደተሻሻለ መዝግቧል። እኔ ለቀን ኑሮው ይህን ያህል ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ሕክምናው ቶሎና በእርግጠኝነት የሚመልሰው የቀኑን ኑሮ ነውና።

ልጆች ላይ ሕመሙ መልኩን ይለውጣል። ልጅ ከማንቀላፋት ይልቅ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት ላይ አይረጋም፣ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ያድራል፣ አልጋው ላይ መሽናቱን መልሶ ሊጀምር ይችላል፣ ዕድገቱም ሊቀጭጭ ይችላል። መምህሩ «ረባሽ» ይለዋል። ዋናው ምክንያት የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ዕጢ ማበጥ ሲሆን፣ ቀዶ ጥገናው ሁለቱን በማውጣት ብዙ ልጆችን ያድናል። በገጠሩና በከተማው ዳርቻ ግን ልጅ ሲያንኮራፋ ወይም ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ወደ ባህላዊ ቆራጭ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። እንጥል መቁረጥ ያበጠውን ቶንሲል አያነሣም፣ የአየር መተላለፊያውንም አይከፍትም፤ የሚያስከትለው የደም መፍሰስ፣ የጉሮሮ መመርቀዝና በአንድ ምላጭ የሚተላለፍ በሽታ ግን ሕፃናትን ገድሏል። ለልጁ ከልብ የተጨነቀ ወላጅ ወደ ቆራጩ የሚያወጣውን ጉልበትና ገንዘብ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ቢያውለው ልጁን ከሁለት ጉዳት ያድነዋል።

ምርመራው የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ከተመሠረተው ተቋም የወጣው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የከተማው ትልቁ የሕክምና መድረሻ ቢሆንም፣ ጤና ጣቢያም ሆነ የግል ክሊኒክ ውስጥ ያለ ሐኪም መጀመር የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ማንኮራፋቱን፣ የቀን እንቅልፉን፣ የታየ የትንፋሽ መቋረጥንና የደም ግፊትን ይጠይቃል፤ ክብደትን፣ ዕድሜንና ጾታን ይመዘግባል፣ የአንገት ዙሪያንም ይለካል፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አንገት ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ከዚያ አፍንጫን፣ ቶንሲልንና እንቅርትን ያያል። ሐኪሙን ከሁሉም ይበልጥ የሚረዳው አጠገብ የሚተኛው ሰው ምስክርነት ነው፤ ስለዚህ ታማሚው ብቻውን ባይሄድ፣ ከተቻለም ማንኮራፋቱ ሲቋረጥና ሲመለስ የሚያሳይ የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ተቀርጾ ቢሄድ መልካም ነው። ሕመሙን በእርግጠኝነት የሚለየው ትንፋሽን፣ ኦክስጅንን፣ የልብ ምትንና የአንጎልን ሁኔታ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግበው ምርመራ ሲሆን፣ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ባልተገኘበት ቦታ በጣት ላይ ተደርጎ ሌሊቱን የሚያድር የኦክስጅን መመዝገቢያ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ቀን ላይ ነቅቶ ለአንድ ደቂቃ ጣት መለካት ግን ምንም አይናገርም።

ከባዱን ሕመም የሚያክመው ዋና መሣሪያ ሲፓፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሲድኒ ኮሊን ሰለቫን የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለከባድ ሕመምተኞች የነበረው መፍትሔ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ማበጀት ነበር። መሣሪያው በአፍንጫ ወይም በአፍና አፍንጫ ላይ በሚጠለቅ ጭምብል አማካይነት አየር በለስላሳ ግፊት እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ነው የሚነፋው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራሉ፣ ጭምብሉ ይቆረቁራል፣ አፍ ይደርቃል፤ የጸኑት ግን ቀናቸው እንደተለወጠ ይናገራሉ። ዋጋው ለብዙው ቤተሰብ ከባድ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊትም አይሠራም፣ ሕመሙም በዚያው ሌሊት ይመለሳል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ከባትሪ ጋር መሥራት መቻሉን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይሻላል። ቀላልና መካከለኛ ሕመም ላለባቸው የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ የሚይዝ፣ የጥርስ ሐኪም የሚያዘጋጀው መሣሪያም አለ።

መሣሪያ የማያስፈልጋቸው እርምጃዎችም ቀላል ተደርገው ሊታዩ አይገባም። በዊስኮንሲን የተደረገው ክትትል የሰውነት ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ የትንፋሽ መቋረጡ በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ፣ በ10 በመቶ ሲጨምር ደግሞ በሲሶ ገደማ እንደሚብስ አመልክቷል። ጾም ለዚህ ዕድል ይሰጣል፤ ነገር ግን በዘይት የተጠበሰውን ማታ አብዝቶ በልቶ ወዲያው መተኛት ዕድሉን ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው የዚህ ሕመም ታማሚዎች ፈቅዷል። በጀርባ ሲተኛ የሚብስበት ሰው በጎኑ መተኛትን ቢለምድ ይጠቅመዋል፤ በፒጃማው ወይም በካናቴራው ጀርባ ላይ ኪስ አሰፍቶ የተጠቀለለ ካልሲ መክተት በጀርባ መገልበጥን ይከለክላል። አረቄም ሆነ ቢራ ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት መቅረት አለበት፤ መጠጥ እንቅልፍ ቢያመጣም ጉሮሮን ያላላል፣ የሚዘጋበትንም ጊዜ ያስረዝማል።

ሕመሙ እንዳለበት የተነገረው ወይም የሚጠረጠር ሰው ለማንኛውም ቀዶ ጥገና በሚቀርብበት ጊዜ፣ ቀዶ ጥገናው የሐሞት ጠጠርም ይሁን የአጥንት ስብራት ወይም የወሊድ፣ ለሰመመን ባለሙያው ሳይጠየቅ አስቀድሞ መናገር አለበት። ማደንዘዣውና ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ጉሮሮን ስለሚያላሉና የመተንፈስ ትእዛዙን ስለሚያዳክሙ፣ ባለሙያው መጠኑን አስተካክሎ ታማሚው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቀና ብሎ እንዲተኛና ኦክስጅኑ ሌሊቱን እየታየ እንዲያድር ያደርጋል። ሲፓፕ ያለው ሰው መሣሪያውን ይዞ ይግባ፤ አስታማሚውም ሌሊት ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ካለ ነርስ ለመጥራት እንዳያመነታ ይነገረው።